ጠይቄ እመለሳለሁ

ጥር ነው፤ ፖቶማክ ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል፤
ድልድዩ ላይ መኪና በመኪና ታዝሏል፤
ከጎኔ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ አስሬለት፣
የተቆለፈ ቦርሳ ተኝቷል፣ እንዳይነቃ ፈርቼለት።
ሃያ አንድ ዓመት ይኸው፣ ከስለላው ቤት ወደ ሕግ አውጪው ስመላለስ፤
ምስጢር ይዤ ስሄድ፣ ጥያቄ ይዤ ስመለስ።
እናቴ፣ ኦሃዮ ሳለች፣ "ሥራህ ምንድን ነው?" ስትለኝ
"ፖስተኛ ነኝ" አልኳት፤ እሷም አመነችኝ።
ከዋሸኋት ሁሉ ለእውነት የቀረበው ያ ነው።

ኮረብታው ላይ ወጥቼ፣ ሦስት ፎቅ ምድር ወርጄ፣
ስልኬን ለእንጨት ሣጥን እንደ መያዣ አስይዤ፣
መስኮት አልባው ክፍል እገባለሁ። እዚህ ግድግዳው ጆሮ የለውም፤
ጆሮነቱ የእኛ ነው፤ ለግድግዳ አንተውም።

ሴናተር ሃልቮርሰን ስለ ጉልበቱ ያወራል፤
ክኒኑን ይውጣል፤ ወረቀቴን ይገልጣል፤
"ጋዜጣው ካንተ ይፈጥናል" ይለኛል።
እስቃለሁ። ሳቁም ከደመወዜ ይቆጠራል።
ሌላዋ ከአይዋ ለመጡ መራጮቿ ጉብኝት ትሻለች፤
ኮሪደር አሳይተን፣ ኩባያ ሸጠን እንሸኛቸዋለን፤ ደስ ይላታል፣ ትስቃለች።
የአንዱ ሚስት ታማለች፤ አበባ ልከናል፤
በጀት ሲደርስ ወዳጅ በአበባው ይለያል።
አንዳንዴ ነገር ይፈነዳል፤ ካሜራ ይደረደራል፤
ጅቡ ካለፈ ወዲያ ውሻው ሁሉ ይጮኻል፤
እኔ ያን ቀን ከአለቆቼ ጀርባ ተቀምጬ
ውኃ አቀብላለሁ፣ ብርጭቆ መርጬ።

የቀድሞ አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብሎኛል፦
"አትዋሽ። መቼም አትዋሽ። እዚህ ቤት ውሸት ያሳስራል።
ያልጠየቁህን ግን አትመልስ፤
ላልተጠራ እንግዳ ማን ወጥ ያወጣል?
የማታውቀው ሲሆን፣ ወይም ማወቅህ ሲጨንቅህ፣
'ጠይቄ እመለሳለሁ' በል፤ እሷ ናት መውጫህ።"

ስንቱን ጠይቄ ተመለስኩ! ስንቱንስ ሳልመለስ
ምርጫ መጣ፤ ጠያቂው ተሸነፈ፤
ቢሮው ቀለም ተቀባ እስከ ጣሪያው ድረስ።

ግን ኦዴት ብሩሳርድ አለች፤ የሉዊዚያና ልጅ፤
ከሴናተሮቹ ኋላ የምትቀመጥ፤ በእርሳስ እንጂ
በብዕር የማትጽፍ።
ስድስት ወር አንዲት ጥያቄ ስትሞርድ ከረመች፤
እንደ ቢላ አይደለም፤ እንደ ቁልፍ፣ ጥርስ በጥርስ ለካች።
በመስከረም "ፕሮግራሙ" አለች፤ "እንዲያ የሚባል የለም" አልኳት፤ ተቀመጠች።
በኅዳር "ሥራው" አለች፤ "የትኛው?" አልኳት፤ ሰረዘች።
ዛሬ፣ ቦርሳዬን ልዘጋ ስል፣
ሦስት ቃል ተናገረች፤
ሦስቱን ቃል፣ በየቦታቸው።

መልሱን አውቃለሁ። ቦርሳው ውስጥ አይደለም፤ እዚህ ነው፣ ከሸሚዜ ሥር።
"ሆድ ይፍጀው" ብዬ ነበር፤ እሱ ሆዴን ፈጅቶት ኖር!
የማሞቂያው ቧንቧ ተንቋቋ።
ሃልቮርሰን ክኒኑን ፍለጋ ኪሱን አንኳኳ።
መውጫዬን ማለት ነበረብኝ ወዲያው፤
አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ። ሁለት። ሦስት። ከዚያው
"ጠይቄ እመለሳለሁ" አልኳት።
ኦዴት እርሳሷን አስቀመጠች። አልጻፈችም። አየኋት።
"አመሰግናለሁ" አለች፤ የላከውን ዕቃ እንደ ተረከበ ሰው።
አልዋሸሁም። እውነትም አልተናገርኩም።
ያቺን ሦስት ትንፋሽ ምን ብዬ ልሰይማት? ለማን ላመልክተው?
መዝገቡ ላይ ግን ተጽፏል፦ "ጥያቄ፣ አንድ። መልስ፣ በቀጠሮ።"

ማታ ድልድዩ ላይ መኪናዬ ይጮኻል፤
ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም፤ ምን ነክቶት ይሆናል?
ለካ ቦርሳውን ሳላስረው ወጥቻለሁ፤
መኪናው ደግሞ፣ በክብደቱ፣ ሰው ነው ብሎታል።